በርኖስ የለበሰው ሰውዬ ደጃችን የቆመ ዕለት

መፍራት እንዴት ደስ እንደሚል ልንገራችሁ? አትሳቁ። ቤቱ ሞቅ ካለ፣ በሩ ከተዘጋና አጠገብ የሚታቀፍ ሰው ካለ ፍርሃትን የሚያህል ጨዋታ የለም። ነጠላዬን ዓይኔ ላይ ጣል አድርጌ «አላይም! አላይም!» እያልኩ በስሱ በኩል ያላየሁት ጉድ የለም። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያስፈራ ወሬ ሲነሳ ሁሉም ወደ ኋላ ሲል እኔ ወደ ፊት ነኝ። የፍርሃት ክፋቱ እንግዳ ሆኖ ይመጣና ቤተኛ ሆኖ መቅረቱ ነው። ለአንድ ምሽት ያስገባችሁት ነገር ሲነጋ መደቡ ላይ ተንሰራፍቶ ታገኙታላችሁ፤ ቆይቶ ደግሞ ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚለው እሱ ይሆናል።

አንድ ሰሞን የእኔንም ግቢ ያስተዳደረው እሱ ነበር።

ግቢዬ አምቦ ነው፣ ከሁሉቃ ወንዝ ወዲህ። ከዋናው ቤት ጀርባ ያሉትን ክፍሎች ከደንዲና ከጌዶ ገጠር ለትምህርት ለሚመጡ ልጆች አከራያለሁ። እሑድ እሑድ ስንቃቸውን በጆንያ ተሸክመው ይመጡና ሳምንቱን ሙሉ ሲያጠኑ፣ ሲጣሉና ሲታረቁ ይሰነብታሉ። ሁሉም «አዳዳ» ነው የሚሉኝ፣ በኦሮምኛ አክስት ማለት ነው። የትምህርቱ ነገር በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ እዚያው ላይ ቢቀርም፣ አክስትነቱን ግን ማንም ዲግሪ የያዘ ሰው አይስተካከለኝም። ድምፄም ለዚሁ የተሠራ ነው፤ ከጓሮ ስጣራ ገበያ ያለው ሰው ዞር ይላል።

እውነተኛው አክስትነቴ ግን ለሌንሴ ነው። ሌንሴ የሟቹ ወንድሜ ልጅ ናት፤ እኔ ነኝ ያሳደግኳት፤ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። እሷን ያዙልኝ፤ ይህ ሁሉ ወሬ የእሷ ነውና።

ሌንሴ ጊንጪ የሚያስተምር ገመቹ የሚባል ልጅ ትወዳለች፤ እሱም ይወዳታል። እናቱ ግን የጎረቤታቸውን ልጅ ከመረጡለት ቆይተዋል። ገመቹ ለምኖ፣ አኩርፎ፣ ምግብ እምቢ ብሎ በመጨረሻ ሽማግሌዎቹን አንድ ጊዜ እንዲሄዱለት አስማማ። «አንዴ እንሄዳለን፤ ፊት ከነሱን ግን ያቺን ደጅ ዳግመኛ አንረግጥም፤ አንተም እናትህ ያለችህን ታገባለህ» ብለው ቁርጡን ነገሩት። መቼ እንደሚመጡ አይነገርም። የአገሩን ልማድ ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ሽማግሌ ለልጅ ጥየቃ ሲመጣ ገና ሳይነጋጋ ነው፤ እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ ደጅ ላይ ይቆማል። አንዴ «ቤቶች!» ካለ በኋላ ዝም ነው። አያንኳኳም፣ ደግሞም አይጣራም። «ግቡ» ከተባለ ይገባል፤ ካልተባለ መልሱን ሰምቷልና ሣሩን ጥሎ ይሄዳል። ሌንሴ ይህንን ድምፅ ስትጠብቅ ጉንጯ ጎደጎደ።

ፊልሙ የመጣው እንግዲህ በዚህ መሃል ነው።

የእንግሊዝኛው መምህር ሥራውን የሚወድ ወጣት ነው። ክፍል ውስጥ በፕላዝማ የሚያስተምረው ሰውዬ ልጆቹ እርሳስ ሳያነሱ ተናግሮ ስለሚጨርስ፣ እሱ በራሱ መላ ከአንድ ያረጀ የፈረንጅ መጽሐፍ የተሠራ ፊልም አመጣላቸው። «አይታችሁ የተሰማችሁን ቆማችሁ ትናገራላችሁ» አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሊታይ ሆነ፤ መስኮቱ የሚጋረድበት ብርድ ልብስ ከየቤቱ ተለመነ። እኔን ማን ጋበዘሽ እንዳትሉኝ። ብርድ ልብሱ የእኔ ነው፤ ብርድ ልብሴ በሄደበት እኔም እሄዳለሁ።

ፊልሙ ምን ነበር መሰላችሁ? ከተራራ ላይ የተንጠለጠለ የድንጋይ ቤት አለ፤ ባለቤቱ የድሮ መሳፍንት ዘር ነው። መሬት የሚጠርግ ጥቁር ካባ ይለብሳል። ሞቷል ደግሞም አልሞተም። ቀን ሣጥን ውስጥ ይተኛል፤ ሲመሽ በሁለት ሹል ጥርሶቹ የሚመጠውን የሰው ደም ፍለጋ ይወጣል። እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ፍርሃት ግን አስተርጓሚ አይፈልግም። የጎረቤት መብራት እንኳ የሌለበት ቤት! በዚያ ላይ ሰውዬው ሲራመድ ኮቴው አይሰማም።

እኛን የጨረሰን ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ሰውዬ እንደዚያ ኃይለኛ ሆኖ ሰው ቤት በራሱ መግባት አይችልም። ደጅ ይመጣና ይቆማል። ውስጥ ያለው ሰው በገዛ አፉ «ግባ» እስኪለው ድረስ ዝም ብሎ ይቆማል። ቶሎሳ የሚባለው ተከራዬ፣ ቁመቱ በር የሚሞላው፣ በጆሮዬ «አዳዳ፣ ካልጋበዙት አይገባም እኮ» ሲለኝ፣ «በቃ አለቅን!» አልኩ። ፈረንጁስ አፉን ይዞ ይተርፋል፤ እኛ ምን ይውጠን? እኛ ገና ደጅ ላይ ኮሽ ሲል «ግቡ!» ብለን፣ ወንበር ሰጥተን፣ እጅ አስታጥበን፣ ከዚያ በኋላ አይደል እንዴ «ለመሆኑ ማን ልበል?» የምንለው! ያ ሰውዬ አምቦ ቢመጣ ደም ከመጠጣቱ በፊት በልመናና በጉርሻ ሆዱ ይፈነዳ ነበር።

ፊልሙ ላይ አንዲት ልጅ መስኮቱን ከፈተችና «ግባ» አለችው። ካባው መስኮቱን ሞላው። ይኼኔ መብራት ጠፋ። የፊልሙ አይደለም፤ የከተማው። የአዳራሹን ጩኸት አልነግራችሁም። እኔ ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ ጠፋ፤ ሰኞ ዕለት መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ተገኘ።

የተሰማቸውን እንዲናገሩ ታዘው የለ? ማታ ማታ ግቢዬ ውስጥ ይለማመዱ ጀመር። ቶሎሳ የቤቱን በር ጥንካሬ ብቻ ነው የሚናገረው፤ «እኔ ብሆን ብረት አደርግ ነበር» ይላል። አብዲ የሚባለው የጌዶው ልጅ ደግሞ ተናደደ። «እነዚያ ከተራራው ሥር ያሉ ገበሬዎች ደማቸውን እየመጠጠ ለምንድን ነው እርሻውን የሚያርሱለት?» ብሎ መምህሩን አፋጠጠው አሉ። የደንዲዋ ጫልቱ ግን፣ ድምጿ ከአፏ የማይወጣው፣ ክፍል ውስጥ ቆማ «እኔን አሳዘነኝ» አለች። «ያን ሁሉ ዘመን ና ግባ ያለው ሰው ከሌለ ደም ባይጠጣ ምን ይጠጣ?» ክፍሉ ሳቀባት። ስታለቅስ መጣችልኝ።

ከዚያ በኋላ ግቢያችን ሌላ ሆነ። ፊልሙ ላይ ሰውዬው የሚሸሸው ነጭ ሽንኩርት ነውና ቶሎሳ የወጥ ቤቴን ነጭ ሽንኩርት በሲባጎ ሰክቶ የግቢዬ ቆርቆሮ በር ላይ አንጠለጠለው። በዕድሜዬ ተቀርቅሮ የማያውቅ በር ተቀረቀረ። «ግቡ» የሚለውን ቃል በአፉ ያወጣ ወየውለት! ጎረቤቴ ጥሩነሽ ወንፊት ልትዋስ መጥታ «ቤቶች!» ብትል በቀዳዳው «ጥርስሽን አሳዪ!» አሏት። ጥርሷን አላሳየችም፤ ቁጣዋን ነው ያሳየችው። እድር ላይ «ተማሪ አከራይታ አበደች» ብላ አስወራችብኝ።

ቀን ቀን እኔም እቆጣቸው ነበር። «እናንተ! የተማራችሁ አይደላችሁም እንዴ?» እላለሁ። ፀሐይዋ ወደ ጌዶ ስታዘቀዝቅ ግን መቀርቀሪያውን ሄጄ የምነካካው እኔው ራሴ ነኝ።

አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ይህቺ ከተማ ደጅ ላይ የቆመ ሰው መፍራት የጀመረችው በዚያ ፊልም አይደለም። እኔ በሁለት መንግሥት ውስጥ ያየኋቸው የሚያስፈሩ ሰዎች «ቤቶች!» አይሉም፤ «ግቡ» እስኪባሉም አይቆሙም። በሩን ከነማጠፊያው ይዘውት ነው የሚገቡት። እናቶች መሽቶ ልጆቻቸው እስኪሰበሰቡ ወጥ የሚያማስሉት ዓይናቸው ደጅ ላይ ሆኖ ነው። ስለዚህ የልጆቹ ፍርሃት አዲስ አይመስለኝም፤ ካባ የደረበ የድሮ ፍርሃት ነው። ሳይጠራ የሚገባውን መከልከል ሲያቅተን፣ ካልጠሩት የማይገባውን መከልከል ጀመርን።

ሰኔ ገባ። አንድ ማለዳ ጉም ከተማዋን ውጧታል፤ ከጓሮ ሆኜ ላሜን ሳልብ የገዛ ቤቴ አይታየኝም። ሌንሴ የሌሊት ተረኛ ናት፣ ከጤና ጣቢያ አልተመለሰችም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከደጅ አንድ ወፍራም ድምፅ መጣ።

«ቤቶች!»

አንዴ ብቻ። ከዚያ ዝም።

የወተቱን ዕቃ እንደያዝኩ ወደ በሩ ሄድኩ። ልጆቹ ብርድ ልብስ ተከናንበው በሩ ሥር ተኮልኩለዋል። ቶሎሳ ቀዳዳው ላይ ዓይኑን ተክሏል።

«አዳዳ፣ ካባ ለብሷል!» አለ በሹክሹክታ። «አያንኳኳም! ዝም ብሎ ቆሟል!»

ገፋ አድርጌው አየሁ። ጌታዬ ሆይ! ከጉሙ መሃል አንድ ረጅም ሽማግሌ፣ ከትከሻው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጥቁር ካባ፣ ፀጉሩ ነጭ፣ ፊቱ እንደ ጠመኔ ደርቋል። ከኋላው ሌሎች ጥላዎች አሉ። አይናገሩም፣ አይንቀሳቀሱም። ወተቱ እግሬ ላይ ፈሰሰ።

ይሄኔ ከጉሙ ውስጥ ነጭ የለበሰች ሴት ብቅ አለች። «የፊልሙ ሙሽራም መጣች!» አለ አብዲ። ሊሸሽ ሲል ጆንያው ጠልፎት ወደቀ።

ነጭ የለበሰችው ሌንሴ ነበረች፤ ከነጋዎኗ ከሥራ ስትመለስ። ሽማግሌዎቹን ስታይ ባለችበት ቀጥ አለችና ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። ምን ታድርግ? የምትጠየቅ ልጅ ለሽማግሌዎቿ «ግቡ» ብትል ጉድ ነው፤ ራሷን አቀረበች ይባላል። እኔም አሁን ካባ ያልኩትን ደግሜ አየሁ። በርኖስ ነው! እጁን አየሁ። እርጥብ ሣር ይዟል!

የመጀመሪያው ፍርሃቴ ጨዋታ ኖሯል። እውነተኛው አሁን መጣ። አንደኛው ሽማግሌ «ኦቦ ደበላ፣ መልሱን ሰማን እኮ፤ እንሂድ» ሲል ሰማሁ። በርኖስ የለበሰው ኦቦ ደበላ ሣሩን የያዙበትን እጅ ወደ መሬት ዝቅ አደረጉ። ያ ሣር መሬት ከነካ ሌንሴ አለቀላት። አፌን ከፈትኩ፤ ያ ገበያ የሚያሰማው ድምፄ ሊወጣ ሲል የቶሎሳ መዳፍ አፌ ላይ ልጥፍ አለ።

«አዳዳ! በኢየሱስ ስም፣ እንዳትዪ! አንዴ ካልሽው ይገባል!»

ነከስኩት። አለቀቀኝም። የዚያን ልጅ መዳፍ ምን አብልተው እንዳሳደጉት አላውቅም። እንባዬ በጣቶቹ ላይ ይወርዳል፤ ሌንሴ በአጥሩ ማዶ ፊቷን እንዳዞረች ናት፤ በመሃላችን አንድ ቃል ብቻ አለ፣ የሚለው ሰው ጠፋ።

ጫልቱ ተነሳች። በአንድ እጇ መጽሐፍ ቅዱሷን አቅፋ፣ በአንድ እጇ መቀርቀሪያውን ስባ በሩን ከፈተችና ዓይኗን ጨፍና፣

«ኮታ፣ ሴና! ግቡ!» አለች። ጥቂት አሰበችና ደግሞ፣ «ሰው ከሆናችሁ» ብላ ጨመረች።

ኦቦ ደበላ ሳቁ። አፋቸው ውስጥ የቀሩት ጥርሶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም የቀሩት ልክ የዚያ የፊልሙ ሰውዬ ሹል ጥርሶች ባሉበት ቦታ ነው። ቶሎሳ አፌን ለቅቆ ከአጥሩ ማዶ ሲወርድ ድምፁ ብቻ ተሰማኝ። እኔ ግን ነፃ ወጣሁ። «ግቡ! ግቡ! ግቡ!» ብዬ የለቀቅኩት ጩኸት ጥሩነሽን ከእንቅልፏ አስነስቷታል።

ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ጨጨብሳ በሉ። እኔ እንዴት ይቅርታ እንደምጠይቅ እያሰብኩ ቅቤ እጨምርላቸዋለሁ። ኦቦ ደበላ ቅቤውን ከጢማቸው ጠረጉና ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ።

«በስንት ቤት ደጅ ቆሜያለሁ» አሉ። «ዛሬ ዛሬ ገና ሳንስል ግቡ ይሉናል፤ ልጃቸውን ለመገላገል የቸኮሉ ይመስል። እዚህ ቤት ግን ብርዱ አጥንታችን እስኪገባ አቆሙን። ያቺ ጨዋ ልጅም ሰው መሆናችሁን አስመስክሩ አለችን። ክብሩን የሚያውቅ ቤት እንዲህ ነው!» ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደጃችሁ ላይ የተሰቀለው ነጭ ሽንኩርትስ ምንድን ነው?»

«የቤታችን ሥርዓት ነው» አልኩ። ምን ልበላቸው ታዲያ?

ሌንሴ በጥር ተዳረች። የጊንጪ ሰዎች የሙሽራውን መኪና አሸብርቀው መጡ፤ ግንባሩ ላይ ከአበባው መሃል ነጭ ሽንኩርት ተሰክቷል። የልጅቷን ቤት ሥርዓት አክብረው ነው። ቶሎሳ ሲያየው እፎይ ብሎ ሚዜዎቹን አቀፋቸው። ጫልቱን ዋናው መደብ ላይ፣ ከኦቦ ደበላ አጠገብ አስቀመጥኳት፤ ሲስቁ አሁንም ፈንጠር ትላለች፤ ግን ደግማ ትጠጋለች።

እኔም መቀርቀሪያውን ነቀልኩት። ሳይጠራ የሚገባውን እንደሆነ አያቆመውም። «ቤቶች!» ሲባል ዛሬም ማንነቱን ሳልጠይቅ «ግቡ!» ነው የምለው፣ ጎረቤት እስኪሰማ። ብቻ እንግዳዬ ገና ሳይቀመጥ አንድ የሚያስቅ ነገር እነግረዋለሁ። ይስቃል። ጥርሱን አያለሁ። ከዚያ በኋላ ምሳ ይቀርባል።