የመምህር ዳምጠው እርማት

አራሚ የሌለበት ከተማ የለም። የሠርግ ጥሪ ወረቀት ቢደርሰው ከደስታው በፊት ፊደሉን የሚቆጥር ሰው የትም አለ። የዲላው ክቡር አራሚ ጡረተኛው የእንግሊዝኛ መምህር ዳምጠው ናቸው።

ይህን ከሩሃማ በላይ የሚያውቅ የለም። መናኸሪያው አጠገብ ባለችው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቷ ማስታወቂያ በጻፈች ቁጥር «ለሴቷ ቅጥያዋን ስጧት!» የሚል ድምፅ ከበሩ ይመጣል። በእንግሊዝኛ አስተናጋጁ ዌይተር ከሆነ አስተናጋጇ ዌይትረስ ናት፤ በፈረንሳይኛ ወንዱ ፀጉር ሠሪ ኩዋፈር፣ ሴቷ ኩዋፈዝ። ፈረንሳይኛውን ከየት እንዳመጡት ደፍሮ የጠየቀ የለም። አንዴማ የአንዲት ርዕሰ መምህርት በር ላይ «ዳይሬክተር» ተብሎ መለጠፉን ሰምተው፣ «ዲሬክትሪስ ነው» ለማለት ብቻ በአውቶቡስ ገደብ ከተማ ድረስ ሄደዋል። ሴትዮዋ ሻይ ጋብዛ ሸኘቻቸው፤ ጽሑፉ ግን እንደተለጠፈ ነው።

ዘንድሮ መጋቢት ላይ ባለቤታቸው ወይዘሮ አትጠገብ አረፉ። መምህሩ በማግስቱ ማለዳ፣ ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሊያስጽፉ መጡ። ሩሃማ ለእናቶች ሁሉ የምትጠቀምበት አንድ የተዘጋጀ ጽሑፍ አላት፤ ስሙና ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ይቀየራል። እንደ ልማዷ ቀያይራ ሰጠቻቸው።

«የቤት እመቤት ነበሩ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው። ሕዝቡ ስለ አትጠገብ የሚሰማው የመጨረሻ ቃል ይኸው ወረቀት ነው።

«ይሄ ስህተት ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ጽሑፉን መጀመሪያ ሳዘጋጀው እርስዎ እኮ ነዎት አርመው የሰጡኝ።»

«አውቃለሁ። ስህተቱ የኔ ነው። ስንቷን እናት በዚህ ሸኘናት?»

ሩሃማ እጇን ወደ ኪቦርዱ መለሰች።

«ጻፊ» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው። «ቡና ለቃሚ ነበረች። አሪቻ ቡና ማጠቢያ፣ ሽቦ አልጋ ላይ ለፀሐይ የሚሰጣውን ቡና ሃያ ስምንት ዓመት ቆማ ለቅማለች። እኔ ኮሌጅ ገብቼ እንግሊዝኛ ሳጠና የበላሁት እሷ ለቅማ ነው። መምህሩን ያስተማረችው እሷ ናት በይ።»

ቀብሩ ላይ የቤተ ክርስቲያናቸው ወንጌላዊ እንደተጻፈው አነበበው። ከአሪቻ በአይሱዙ ተጭነው የመጡት ለቃሚዎች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

ሰኞ ሩሃማ የተዘጋጀውን ጽሑፍ አጠፋችው። አሁን እናቱ የሞተችበት ሰው ሲመጣ፣ መምህር ዳምጠው ወንበር ስበው «እስቲ ተቀመጥ ልጄ፣ እናትህ ምን ትሠራ ነበር?» ይሉታል። ሩሃማም ደጅ ላይ ስንት ደንበኛ ቢሰለፍ አታቋርጣቸውም።