እትዬ ማርሴሊን የሚፈትኑበት ጀልባ

ሐይቅ ዳር ያለ መንደር ሁሉ፣ ቦታን ስሙን ሳይጠሩ ማለፍን እንደ ንቀት የሚቆጥር አንድ ሰው አያጣም። የእኛ የአኒሺናቤዎቹ፣ የካናዳ ነባር ሕዝቦች፣ ሰው ክብርት እትዬ ማርሴሊን ናቸው፤ የድንጋዩ፣ የደሴቱና የወንዝ መታጠፊያው ሁሉ የበላይ ጠባቂ። ሹመቱን ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም። ሊሽራቸው የደፈረም የለም።

ከእሳቸው ጋር በመኪና ሱቅ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። «የት ነን?» ይላሉ በየመቶ ሜትሩ። «መንገድ ላይ» ያልኳቸው ቀን መኪና አስቁመው ወረዱ። ካርታው ላይ ሐይቃችን የተጠራው በአንድ በማናውቀው ሰውዬ ስም ነው። «እሱ ደግሞ ማነው?» ይላሉ። «እዚህ አንዲት ዓሣ አልበላ። ‹ድቡ የተንሸራተተበት› ስትል ግን ድቡም ይታይሃል፣ አንተም ረገጥ ስታደርግ ትጠነቀቃለህ።» አዲስ የመጣ ነርስ ቤታቸውን ቢጠይቃቸው «እህትማማቾቹ ከተኳረፉበት አለፍ ብሎ ነው» አሉት። ምስኪኑ ያገኘውን ሰው ሁሉ እየጠየቀ ሲያፈላልግ ዋለ። ማታ ሲመለስ ግን እህትማማቾቹ በምን እንደተጣሉ ሳይቀር ያውቅ ነበር።

በየበጋው የተማሪ ቤቱን ልጆች በጀልባ ይዘው ይወጣሉ፤ ሞተሩን የምይዘው እኔ ነኝ። ክፍል ውስጥ ያስተምሩልን ሲባሉ «ቦታው ውጭ ቁጭ ብሎ ስሙን ቤት ውስጥ?» ብለው ይስቃሉ። ሕጋቸው አንድ ነው፦ ያለበትን ያላወቀ የባኖክ ቂጣ አይበላም።

ዘንድሮ የልጅ ልጄ ሼይሊን ከዊኒፔግ ከተማ ተመልሳ ከልጆቹ ጋር ልትወጣ ሆነ። ልጆቹ «ከተሜዋ» የሚል ስም አውጥተውላታል፤ የጀልባውን ፈተና ከወደቀች ስሙ እንደሚጣበቅባት ታውቃለች። በዋዜማው ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ስለዚህ በቀኝ ዳርቻ ያለውን ስም ሁሉ አስጠናኋት። ኩረጃ ነው ካላችሁ አያት ሆናችሁ እዩት።

ጠዋት ሼይሊን ጀልባው ላይ ከፊት ተቀመጠች። እትዬ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ሌስተር፣ ዛሬ በግራ ሂድ።»

«እትዬ፣ የለመድነው በቀኝ ነው እኮ።»

«ሞተሩ ያንተ ነው፣ መንገዱ የኔ ነው።»

በግራ በኩል ያለውን ስም እኔም ራሴ አላውቀውም። አንድ ድንጋያማ ዳርቻ ስንደርስ ሞተሩን አስጠፉኝና «የት ነን?» አሉ።

ሼይሊን ወደ እኔ ዞረች። እኔ ደመና መቁጠር ጀመርኩ።

«ከተሜዋ የት ታውቃለች» አለ ዳሪል የሚሉት ልጅ ከኋላ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አሉት እትዬ። «አንቺም አያትሽን ተዪው፣ ጫማውን የት እንዳወለቀ እንኳ አያውቅም። ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ ቦታው ይንገርሽ።»

ተቀመጠች። ቆይታ ጆሮዋን ወደ ዳርቻው አዘነበለች።

«እማማ፣ ከድንጋዩ ሥር ውኃ አለ። ሰዎች ቤት ዘግተው የሚያወሩ ይመስላል።»

እትዬ ማርሴሊን ወደ ድንጋዩ ዞሩ። ከዚያ ስሙን በቋንቋችን ቀስ ብለው ጠሩት፤ «ከሥር የሚያወሩበት» ማለት ነው።

«ስሙን ያወጡትም እንዳንቺ ተቀምጠው የሰሙት ናቸው» አሏት።

ልጆቹ ሁሉ ለመስማት ወደ አንድ ጎን ሲንጋጉ ጀልባው ሊገለበጥ ደረሰ። «ሰማሁት፣ ሰማሁት፣ ዝም በሉ እንጂ!» እያለ ከሁሉም በላይ የሚጮኸው ዳሪል ነበር። እኔ ደስታዬን የት ላድርገው? ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ ያለፍኩት ሞተር እያስጮኽኩ ነው።

እትዬ ቂጣውን አደሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን መለሱ።

«አንተስ ሌስተር፣ የት ነን?»

ስሙ በድንጋጤ ጠፋኝ። ሼይሊን ጎንበስ ብላ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ፤ እኔም ደገምኩት። እትዬ አይተዋል። እኚህን ሴትዮ የምወዳቸው ለዚህ ነው፤ እንዳላዩ ሆነው ትልቁን ቁራሽ ሰጡኝ።