እንሰት በየትኛው መደርደሪያ ይግባ?

ዓለምን በየዘርፉ ከፋፍሎ ማስቀመጥ ቀላል የሚመስላችሁ መደርደሪያ ስላልተረከባችሁ ነው። «ያለ ነገር ሁሉ ምንድን ነው? በስንትስ ይከፈላል?» እያሉ ዕድሜያቸውን የፈጁ ፈላስፎች ድሮ ሥራ ፈት ይመስሉኝ ነበር። ሆሳዕና ውስጥ የአንዲት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኜ አሥር መደርደሪያ ከተረከብኩ ወዲህ ግን በልቤ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ።

ጋሼ ሎምቤቦ አንደኛ ደረጃ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ስለ እንሰት የሚያውቁትን ሁሉ በእጃቸው ጽፈው፣ አስጠርዘው ይዘውልኝ መጡ። «ዓይኔ ሳይከዳኝ መደርደሪያ ላይ ልየው» አሉኝ። ምኞታቸው ይቺው ናት። እኔም ደስ ብሎኝ «ግብርና» ወደሚለው አመራሁ።

«ቆይ እስቲ! ቆጮው የት ሊገባ ነው?»

«ምግብ» ወደሚለው ዞርኩ። «ቃጫውስ ይበላል እንዴ?» አሉ። «ዕደ ጥበብ» ስል ለተሰበረ አጥንት የሚሰጠውን የእንሰት ዓይነት አስታወሱኝ። «ሕክምና» ስል ደግሞ ምዕራፍ ሰባትን ገለጡልኝ፤ ወላጆች ልጃቸውን ለመዳር የወደፊት አማቻቸውን የእንሰት ጓሮ አይተው እንዴት እንደሚወስኑ የሚተርክ ነው። እኔ ጓሮ የለኝም። ሚስትም የለኝም። ምክንያቱ ያኔ ገባኝ።

የኮምፒውተሩ ቅጽ የሚቀበለው አንድ ዘርፍ ብቻ ነው። ቢጨንቀኝ «ልዩ ልዩ» የሚለውን አሳየኋቸው፤ ፊታቸው ጠቆረ።

«አብልቶ ያሳደገህን ልዩ ልዩ ትለዋለህ? እንዲህ ነው ያስተማርኩህ?»

አፈርኩ። እስክወስን ብዬ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት። መቼም የእኛ ሰው፣ መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ ትቶ የሚያነሳው ሠራተኛው ፊት ያለውን ነው። አንዲት ነርስ ለአጥንቱ ወሰደችው፤ ቤት የሚሠራ ሰውዬ ለቃጫው። አንዲት የዳምቦያ ነጋዴማ «በእኛ በከምባታ በኩል እንዲህ አይደለም» ብላ የቆጮውን ነገር በሦስት ገጽ አርማ፣ መሀል ላይ ሰክታ መለሰችው።

በወሩ ጋሼ መጡ። አሥሩንም መደርደሪያ ዞረው አዩ፤ የለም። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጣልከው ልጄ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ፈጥኜ ኮምፒውተሩን አዞርኩላቸው። «ዘርፍ» የሚለው ቦታ አሁንም ባዶ ነው። «የሚገኝበት» በሚለው ላይ «በውሰት» ይላል፤ ከሥሩ ተራ የሚጠብቁ አሥራ አንድ ሰዎች ስም አለ። ጋሼ ስሞቹን አንድ በአንድ፣ ጮክ ብለው፣ ድሮ ክፍል ውስጥ እኛን ይጠሩ እንደነበረው ጠሩ። ሲጨርሱ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«በል እኔንም መዝግበኝ። ልየው ብያለሁ።»

አሥራ ሁለተኛ ብዬ መዘገብኳቸው። አሥራ አንደኛው እኔ ነኝ፤ ምዕራፍ ሰባትን ደግሞ ቶሎ የምጨርስ አይመስለኝም።