ስለ ሚስስ ላምበርን የኋላ ጎማዎች

የካልቨርት ስፖርት መኪና ባለቤቶች ክለብ
የብሬድኮት ቅርንጫፍ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ፣ ኦክቶበር 12 ቀን 1997
ቦታ፦ ብሬድኮት መንደር፣ “ሁለቱ ዝይዎች” መጠጥ ቤት፣ የኋላ ክፍል
ሰዓት፦ ለ8 ሰዓት ተጠርቶ፣ ሊቀ መንበሩ የበግ ጥብሳቸውን እስኪጨርሱ ተጠብቆ ከቀኑ 9 ሰዓት ተጀመረ።

የተገኙ፦

1. ሚስተር ሮድሪክ ፔንፎልድ፣ ሊቀ መንበር፤ ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም፤ የኮረብታ ውድድሩን ዋንጫ ከዘንድሮ በስተቀር በየዓመቱ የወሰዱ።
2. ሚስተር ባሲል ኦክሾት፣ የቴክኒክ ኃላፊ፤ የቀድሞ የጂኦግራፊ መምህር።
3. ሚስተር ናይጀል ትረስኮት፣ ገንዘብ ያዥ።
4. ሚስስ ኢዲት ላምበርን፣ አባል፤ የዘንድሮ አሸናፊ፤ ተከሳሽ። “ተከሳሽ” የሚለው እንዲሰረዝላቸው ጠይቀው፣ ጥያቄው በአጀንዳ ስላልተያዘ ሳይታይ ቀርቷል።
5. ክላይቭ ፐርኪስ፣ ጸሐፊ፤ ድምፅ የማይሰጥ። መኪናው ከተፈታታች ዓመታት ስላለፏትና በየካርቶኑ ተከፋፍላ ስለምትገኝ በአውቶቡስ የመጣ።

ምልዓተ ጉባኤ፦ በደንቡ መሠረት አራት ድምፅ ሰጪ ያስፈልጋል። ያለ ሚስስ ላምበርን አራት ስለማይሞላ በገዛ ክሳቸው ላይ ዳኛ ሆነው እንዲቀመጡ በአክብሮት ተለምነዋል።

አጀንዳ 1፦ የቀረበው ክስ

ሊቀ መንበሩ፣ የክለቡ መኪናዎች ሁሉ ከፋብሪካ እንደወጡ መሆን እንዳለባቸው አስታውሰው፣ ሚስስ ላምበርን ግን ከደንብ ውጪ አንዱ የኋላ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚገታ ዲፈረንሻል (ከዚህ በኋላ “ገቺ ዲፈረንሻል” እየተባለ የሚጠራ) አስገብተዋል ሲሉ ከሰዋል።

የቴክኒክ ኃላፊው ማብራሪያ ሰጥተዋል። ተራው ዲፈረንሻል አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ሲወድቅ የሞተሩን ኃይል ሁሉ ለሱ ሰጥቶ በከንቱ ያሽከረክረዋል፣ ሌላው ሥራ ፈቶ ይቆማል፤ ገቺው ግን ለሁለቱም ያካፍላል ብለዋል። ለማስረዳት በሁለት የተጠበሱ ድንቾች ተጠቅመዋል። ድንቾቹ የገንዘብ ያዡ ምሳ መሆናቸው ዘግይቶ ተደርሶበታል።

ሊቀ መንበሩ የሚከተለው ቃል በቃል ይያዝልኝ ብለዋል፦ “ያንን የኮረብታውን ጠመዝማዛ እኔ እንኳን እንደዛ ወጥቼው አላውቅም! ታዲያ እሷ በምን ተአምር ወጣችው?”

ሚስስ ላምበርንም የእኔም ይያዝልኝ ብለዋል፦ “ሮድሪክ፣ እርጥብ ቅጠል የተነጠፈበት ጋ ስደርስ ነዳጁን ለቀቅ አደረግኩት። ሌላ ተአምር የለውም። እናንተ ድምፁን ለመስማት ስትሉ ትረግጡታላችሁ።”

ሊቀ መንበሩ ይህ እንዲሰረዝ ጠይቀዋል። ጸሐፊው በእስክሪብቶ እየጻፈ መሆኑን ገልጿል።

ሚስስ ላምበርን አክለውም፣ በዚህ ውድድር ሲሳተፉ ሃያ ዓመት መጨረሻ መውጣታቸውን፣ በየዓመቱ ለአሸናፊው ማጨብጨባቸውን፣ ቀራጩ ነገ ሰኞ እዚህ ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠው ዋንጫ ስም እንደሚቀርጽ ጠቅሰው፣ “ስሜን እዛ ላይ ማየት እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም ምክንያት የለኝም፤ እፈልጋለሁ፣ በቃ” ብለዋል። ገንዘብ ያዡ ቢራ አዘዋል።

አጀንዳ 2፦ ፍተሻ

ጉባኤው ከመጠጥ ቤቱ ጀርባ፣ መኪናዎቹ ወደቆሙበት ሣር ሜዳ ተዛውሯል። የሚስስ ላምበርን መኪና ኋላዋ በክሪክ ተነሥቷል። በቴክኒክ ኃላፊው መመሪያ መሠረት አንዱ ጎማ በእጅ ሲዞር ሌላው ተከትሎ ወደዚያው ከዞረ ዲፈረንሻሉ ገቺ ነው፤ በተቃራኒው ከዞረ ተራ ነው።

የግራው ጎማ ተሞከረ፣ አልዞረም። የቀኙ ተሞከረ፣ አልዞረም። ሦስቱ ኃላፊዎች በጋራ ሞከሩ። ሊቀ መንበሩ እጃቸውን እየጠረጉ፣ “ይኸው! ተጣብቀዋል! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይመጣል?” ብለዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላም የሚከተለው ተወስኗል።

ውሳኔ ቁጥር 1፦ ዋንጫው ከሚስስ ላምበርን ተወስዶ የሚስተር ፔንፎልድ ስም እንዲቀረጽበት፤ በሦስት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞ።

ውሳኔው ከተጻፈ በኋላ ሚስስ ላምበርን፣ “የእጅ ፍሬኑንስ ማን ሊለቀው ነው?” ሲሉ ጠይቀዋል። የእጅ ፍሬኑን ለጥንቃቄ የያዙት የቴክኒክ ኃላፊው ራሳቸው እንደነበሩ ተረጋግጧል። ፍሬኑ ሲለቀቅ ግራው ወደ ፊት፣ ቀኙ ወደ ኋላ ዞሯል።

ሊቀ መንበሩ፣ ከውሳኔ በኋላ የሚደረግ ፍተሻ የውሳኔውን ክብር ይነካል በማለት ውጤቱን ውድቅ አድርገዋል።

ውሳኔ ቁጥር 2፦ ለወደፊቱ የእጅ ፍሬን ከፍተሻ በፊት በድምፅ ብልጫ እንዲለቀቅ፤ በሙሉ ድምፅ።

አጀንዳ 3፦ በሚስስ ላምበርን የቀረበ ሐሳብ

ሚስስ ላምበርን፣ ክሪኩ ከወጣ አይቀር የአራታችንም መኪና ይፈተሽ ብለዋል።

ገንዘብ ያዡ ወገባቸውን እንደሚያማቸው አስታውሰዋል። የቴክኒክ ኃላፊው መኪናቸው ትናንት መታጠቧን ገልጸዋል። ሊቀ መንበሩ፣ “እኔን? እኔ እኮ ሊቀ መንበር ነኝ!” ብለዋል። በዚህ መካከል ኃይለኛ ዝናብ በመጣሉ ጉባኤው ወደ ውስጥ ገብቷል። ዝናቡን ሦስቱ ኃላፊዎች በደስታ ተቀብለውታል።

ውሳኔ ቁጥር 3፦ ሐሳቡን የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም፤ አባላቱም ሚስተር ፔንፎልድ፣ ሚስተር ኦክሾትና ሚስተር ትረስኮት እንዲሆኑ፤ ጥናቱ እስኪያልቅ ፍተሻ እንዳይደረግ።

አጀንዳ 4፦ በአጀንዳ ያልተያዘ

የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ሚስተር ገስ ቶሊ ሳያንኳኩ ገብተው፣ “ሜዳዬ ረግረግ ሊሆን ነው! መኪናችሁን አሁኑኑ ወደ አስፋልቱ አውጡልኝ!” ብለዋል። ጉባኤው በድጋሚ ወጥቷል።

የሊቀ መንበሩ መኪና በሁለቱም የኋላ ጎማዎቿ ጭቃውን እየቧጠጠች ያለ ምንም ችግር ወጣች። የቴክኒክ ኃላፊውም እንደዚሁ ወጣች። ወገባቸውን የሚያማቸው የገንዘብ ያዡ መኪና ከሁሉም ፈጥና ወጣች። የሚስስ ላምበርን መኪና ግን አንዱ ጎማዋ በባዶ እየተሽከረከረ፣ ሌላው እንደ ታዛቢ ቆሞ እያየ፣ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም።

ሚስተር ቶሊ፣ “ምነው የሷ ብቻ ቀረ? የናንተ እኮ እንደ ትራክተር ነው የወጣው!” ብለዋል። ጸሐፊው ሦስቱን ኃላፊዎች በየተራ ቢመለከትም ሁሉም የየራሳቸውን ጫማ እያዩ ነበር።

ሚስስ ላምበርን በመስኮት ብቅ ብለው፣ “ለካ ለዚህ ነው! ጠመዝማዛው ላይ ስትረግጡት ሁለቱም ጎማ እኩል የሚከዳችሁ! በየዓመቱ የኋላችሁ አጥር ውስጥ ሲገባ ሳይ የአነዳድ ችግር ይመስለኝ ነበር። ለካ ሌብነትም አለበት!” ብለዋል።

ኃላፊዎቹ መኪናዋን እንዲገፉ ሚስተር ቶሊ አዘዋል። ሊቀ መንበሩ የመረጡት ቦታ ከሚሽከረከረው ጎማ በስተ ኋላ ነበር። አንገታቸው ላይ የነበረው የክለቡ ክራባት ቀለም ከዚህ ሰዓት ጀምሮ መለየት አልተቻለም።

አጀንዳ 5፦ ማጠቃለያ

ሊቀ መንበሩ ፊታቸውን ሳይታጠቡ ስብሰባውን ቀጥለዋል። ከአጭር ውይይት በኋላ፣ በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ የሚከተለው ተወስኗል።

ውሳኔ ቁጥር 4፦ ከቁጥር 1 እስከ 3 ያሉት ውሳኔዎች በሙሉ ተሽረዋል። ይህ ስብሰባ እንዳልተካሄደ ይቆጠራል። “ዲፈረንሻል” የሚለው ቃል በክለቡ ውስጥ አይነሣም። ቃለ ጉባኤው ይቃጠላል። ለክለቡ ሰላም ሲባልም ዋንጫው የማንም ስም ሳይቀረጽበት በሊቀ መንበሩ ቤት ይቆያል።

ሚስስ ላምበርን ሲቃወሙ፣ “ሮድሪክ፣ ከጭቃው ይልቅ ይሄኛው ነው የሚያስቀይመኝ” ብለው ካፖርታቸውን ለብሰው ወጥተዋል።

ስብሰባው ከቀኑ 11:20 ተጠናቀቀ።

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ያልተካሄደ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ እንዲቃጠል ማዘዝ አይችልም፤ ዋንጫም ማስቀረት አይችልም። ስለዚህ የጸናው ብቸኛ ውሳኔ፣ የአሸናፊው ስም ይቀረጽ ተብሎ በሽልማቱ ዕለት በጠቅላላ ጉባኤ የተላለፈው ነው። ኃላፊዎቹ ጭቃቸውን ለመታጠብ ሲሄዱ ጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ የነበረውን ዋንጫ ለቀራጩ ለማድረስ ጉልበቱ ላይ አድርጎ በአውቶቡስ ወስዷል።

ክላይቭ ፐርኪስ
ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለክለቡ አባላት በሙሉ
ለሚስተር ገስ ቶሊ፣ በመጠጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ እንዲለጥፉት
ለዋንጫ ቀራጩ፦ ስሙ “ኢዲት ላምበርን” ነው፤ ፊደሉ ጎላ ይበል