በእንፋሎት ውስጥ ያማሁት ሐኪም

ደብረ ታቦር ውስጥ ቁርጥማት የያዘው ሰው ሐኪም አይቸግረውም። መናኸሪያ አጠገብ ጣቱን እየጨበጠና እየዘረጋ ትንሽ ቢቆም፣ ያለ ቀጠሮ መርምሮ የሚያሰናብተው መንገደኛ አያጣም። ውጤቱም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ብርድ ነው። ጉና በላያችን ተቀምጦ እየተነፈሰብን ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

እኔ ደግሞ ጸጉር አስተካካይ ነኝ፤ ሐኪሞቼ በየተራ መጥተው ፊቴ ይቀመጣሉ። አንዱ ፌጦ በሎሚ ያዛል፣ ሌላው ነጭ ጋዝ ተቀባ ይላል። በዚያ ሰሞን ጣቶቼ ታጥፈው አድረው ረፋድ ላይ ካልሆነ አይዘረጉም ነበር። አንጓዎቻቸው አብጠው፣ መቀስ ስይዝ በውሰት የመጣ እጅ ይመስለኛል። አንድ ማለዳ የጎረቤቴን የመምህር ይስማውን ጢም በግራ በኩል ላጭቼ ወደ ቀኝ ስዞር እጄ እምቢ አለ። መምህር ይስማው ደግ ሰው ነው፤ ፀሐይ እስክትሞቅ አብሮኝ ደጅ ተቀመጠ። የትምህርት ሰዓት ሲደርስ ግን ፊቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ሊያስተምር ሄደ። ሳቅሁ። ብቻዬን ስቀር ግን ፈራሁ፤ ልጆቼን የማሳድገው በዚህ እጅ ነው።

ሆስፒታል ያገኘሁት ሐኪም ዶክተር ታምራት የሚባል ከአርባ ምንጭ የመጣ ወጣት ነው። የእኛ ብርድ ስለሚጎዳው ነጩን ጋዋን ከወፍራም ጃኬት በላይ ይደርባል፤ በመነጽሩና በሹራብ ኮፍያው መሐል የሚታየው ፊት ጥቂት ነው። ጣቶቼን ዳበሰ፣ ደሜን አስመረመረና ብርድ አይደለም አለኝ። ሰውነቴ የገዛ መገጣጠሚያውን እንደ ጠላት ቆጥሮ እየወጋው ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ ክኒን አዘዘልኝ፤ ለውጡ ወራት ሊፈጅ እንደሚችል፣ ካቋረጥኩ ግን ጣቶቼ ተጣመው ሊቀሩ እንደሚችሉ አስጠነቀቀኝ።

ለጥቂት ሳምንታት ዋጥኩ። ጣቶቼ ያው ናቸው፤ ሆዴ ግን ይገለባበጣል። ተውኩትና በአንበሳሜ አድርጌ ሐሙሲት፣ ከዚያም ዋንዛዬ ፍል ውኃ ወረድኩ። እዚያው አድሬ ጎህ ሲቀድ ገባሁ።

እንፋሎቱ ከውኃው እየተነሣ ዛፎቹን ይውጣቸዋል። ከሰው የሚታየው አንገት ብቻ ነው፤ አንገቶቹም ቀስ ብለው ይጠፋሉ፣ ቀስ ብለው ይመለሳሉ። ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግም። እጄን ከውኃው በታች ስዘረጋ ጣቶቼ አንድ በአንድ ሲለቀቁ ተሰማኝ። ተኝቼ ይሁን ነቅቼ እንጃ፤ ልጅ ሆኜ ሙያውን ስማር መቀሱ በእጄ ላይ ሲዘፍን የሰማሁ መሰለኝ።

ሰው እንዲህ ሲመቸው ምን ያምረዋል? ሐሜት። አጠገቤ ወደ ነበረው አንገት ዞርኩ።

«ምን ሐኪም እንደገጠመኝ ብነግርህ፣ ልጄ» አልኩት። «ፀሐይ አገር ያደገ ነው። ራሱ እየተንቀጠቀጠ ብርድ አይደለም ይለኛል። ክኒኑን ተውኩት፤ ይኸው እጄ ተከፈተ።»

አንገቱ እስከ መጨረሻው ሰማኝና ነገ ጠዋትስ እንዴት ይሆናል ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄውን አልወደድኩትም። ነገማ ያው ይታጠፋል አልኩት።

«ውኃው ጥሩ ነው» አለ። «እኔም ጀርባዬን ሲያመኝ እመጣለሁ። ግን የሚያፍታታው ለዛሬ ነው፤ የከርሞውን ጣት የሚጠብቀው ክኒኑ ነው። ሆድዎን ካስቸገረዎት ለምን ተመልሰው አልነገሩኝም?»

አልነገሩኝም። ቃሏ እንፋሎቱ ውስጥ ተንሳፍፋ ቆይታ ቀስ ብላ ገባችኝ። መነጽር የለ፣ ኮፍያ የለ፣ ጃኬት የለ፤ ከዶክተር ታምራት የቀረው አንገት ብቻ ነበር። ከአንተ ወደ እርስዎ ለመሻገር ብሞክር መሐል ላይ ቀረሁና «አንተ መቼ መጡ?» አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ እጄን ከውኃው አውጥቶ አንጓዎቼን አንድ በአንድ ዳበሰ። እናቱን የያዛት ይኸው በሽታ እንደሆነ ነገረኝ። ክኒኑን ያገኘችው ጣቶቿ ከተጣመሙ በኋላ ነው። «አሁን የምናጎርሳት እኛ ነን» አለ።

ሰኞ ሆስፒታል ተመለስኩ። ለሆዴ የሚሆን ነገር ጨመረልኝ፤ ደሜን እየተመረመርኩ ቀጠልኩ። ክረምቱ አልፎ አደይ ሲፈነዳ፣ አንድ ጠዋት ስነቃ እጄን ተዘርግቶ አገኘሁት። ሕልም መስሎኝ ትንሽ አየሁት። ተነሥቼ የሸሚዜን ቁልፍ ራሴ ቆለፍኩ። ሚስቴ አየችኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ደንበኞቼ ምን እንዳሻለኝ ሲጠይቁኝ ከነክኒኑ፣ ከነደም ምርመራው አንድም ሳላስቀር እነግራቸዋለሁ። ፍል ውኃውን የማነሣው ሐኪሙን ያገኘሁበት ቦታ ስለሆነ ብቻ ነው። በጽሞና ያዳምጡኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ከዶክተር ታምራት ጋር ዋንዛዬ ስንወርድ ውኃው በሰው ተሞልቶ መግቢያ አጣን። ፎጣችንን ትከሻችን ላይ ጥለን ዳር ቆመን ስንንቀጠቀጥ፣ አንድ የማላውቀው አንገት ከእንፋሎቱ ብቅ ብሎ አዘነልን። ክኒን እንደሆነ ሆድ ከመረበሽ በቀር የሚፈይደው የለም ብሎ ዶክተሩን መከረው። «ደብረ ታቦር አንድ ጸጉር አስተካካይ አለ» አለው፤ «በዚህ ውኃ ነው የዳነ።»

ዶክተር ታምራት እጅ ነሥቶ አመሰገነው።