አቶ ቆይ እና የቧንቧ መቁረጫዋ

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ሊጀምር እጅጌውን ሲሰበስብ «ቆይ!» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ቧንቧ በሚቆረጥበት ወርክሾፕ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር አቶ ቆይ ነበሩ። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው።

ሥራቸው ኮምፒውተር የሚያዘውን መቁረጫ ማሰናዳት ነው። ቧንቧው በምን ፍጥነት ይዙር፣ ቧንቧውን የሚቆርጠውን እሳት የተሸከመው ጋሪ ወዴት ይሂድ፣ የት ይቁም የሚለውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ በቁጥር ሞልተው ለኦፕሬተሯ ያስረክባሉ። ያስረክባሉ ማለት እንኳ ይከብዳል። ፎርማኑ ሰዓቱን እያየ ሲቁነጠነጥ፣ እሳቸው ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ይቀስራሉ።

«ቆይ! መጀመሪያ ባዶዋን ትሂድ።»

ማሽኗ ያለ ቧንቧና ያለ እሳት ስታዘግም፣ አውራ ጣታቸውን ቀዩ የማቆሚያ ቁልፍ ላይ አሳርፈው ይቆማሉ። ሄደች። «ቆይ፣ ትመለስ ደግሞ።»

ኦፕሬተሯ ስንቴ በልቧ ረግማቸዋለች! በእሳቸው የተነሳ ሰርቪስ ጥሏት እየሄደ በእግሯ ገብታለች። አንድ ቀን ብሶባት፣ «ጋሼ፣ ሚስትም ያገቡት ሞክረው ነው?» አለቻቸው። ሠራተኛው በሳቅ ፈረሰ።

«ሞክሬማ ቢሆን ብቻዬን አልቀርም ነበር» አሉ፣ ዓይናቸውን ከጋሪው ሳይነቅሉ።

ከእሷ በፊት በዚያ ቦታ ይሠራ የነበረው ሰው አንድ እጁን አጥቶ ነው የወጣው። ያን ዕለት አቶ ቆይ ፈቃድ ላይ ነበሩ። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

በኋላ ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ገቡ። እሳቸው በሌሉበት የጋሪው ሞተር ተቃጠለና አዲስ ተገጠመ። ቁጥሩን የሞላው ፎርማኑ ራሱ ነው።

«በይ ጫኚ፤ ዛሬ እንኳ ከቆይ ቆይ ተገላግለናል» አላት ኦፕሬተሯን።

ቧንቧውን ለማንሳት ጎንበስ አለችና አፏ ቀደማት። «ቆይ! ባዶዋን ትሂድ።»

«ደሞ አንቺም ጀመረሽ?» አለ። እያጉረመረመ ግን ማሽኗን ባዶዋን አስነሳት።

ወደ ኋላ ሂድ የተባለው ጋሪ ወደ ፊት ተወረወረ። እሷ ሁልጊዜ እጇን የምታሳርፍበትን መደገፊያ ብረት መትቶ አጎበጠው። ፎርማኑ የአዲሱን ሞተር አቅጣጫ ገልብጦ ሞልቶት ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ።

ከሥራ ስትወጣ ይህን ለአቶ ቆይ ልትነግራቸው፣ ይቅርታም ልትጠይቃቸው እየሮጠች ሄደች። በሕይወት አልደረሰችባቸውም። ሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ እንደ አባቷ አለቀሰችላቸው።

በቀብሩ ዕለት ፎርማኑና ሦስት ሠራተኞች ሳጥኑን በገመድ ሊያወርዱ ሲሉ፣ ከኋላ «ቆይ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ሁሉም ዞሮ ኦፕሬተሯን አያት። ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ ቆማለች።

ፎርማኑ ገመዱን እንደያዘ ቆመ። ሰዓቱን አላየም።