መሬት ለቀው የማያውቁት ካፒቴን

በዚህ ዓለም ላይ ስለ አውሮፕላን ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ሰው አብራሪው አይደለም። መካኒኩም አይደለም። አንድም ቀን ተሳፍሮ የማያውቅ የሰፈር ሰው ነው። በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ሻንጣ ይዘህ ከቤት ስትወጣ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ፊትህ ድቅን ይላል፤ ሻንጣውን ከእጅህ ይቀበልና ከፍ ዝቅ አድርጎ፣ «ሃያ አራት ኪሎ ተኩል። ይመልሱሃል» ይልሃል። ተሳስቶ አያውቅም። የሚያናድደውም ይኸው ነው።

ለእኛ ሕንፃ የደረሱት የዚህ ዓይነቱ ሰው ቁንጮ ናቸው። ሙያቸው ልብስ ሰፊነት ሲሆን ሱቃቸው ከደረጃው ሥር ያለች፣ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት ክፍል ናት። ስም አላቸው፤ ግን ከባለቤታቸውና ከመብራት ቆጣሪ አንባቢው በቀር በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ለሌሎቻችን ካፒቴን ናቸው። ከስፌት መኪናቸው በላይ ግድግዳው ላይ የአውሮፕላን መቀመጫ ንድፍ ተለጥፏል፤ በበሩ መቃን ላይ ሻንጣ የሚንጠለጠልበት ሚዛን ተሰክቷል። ሱሪ ላሳጥር ብሎ የገባ ሰው ሱሪው ሳይለካ፣ ስለ ድንገተኛ መውጫ በር ግማሽ ሰዓት ተምሮ ይወጣል።

እኔም ተምሬአለሁ። የዛሬ አሥር ዓመት ለሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ስበር ክቡርነታቸው አስጠሩኝና የስፌት ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መመሪያ ሰጡኝ። «ጎማው መሬት ሲለቅ አፍህን ከፍተህ አዛጋ። ደጋግመህ አዛጋ። ጆሮህ አይደፈንም፤ በእኔ ይሁንብህ!» «በእኔ ይሁንብህ» የማይጨምሩበት ምክር የላቸውም። እኔም አውሮፕላኑ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ ደመናውን እስኪያልፍ ድረስ ሳዛጋ ቆየሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ እንቅልፍ የመጣብኝ መስሏቸው ትራሳቸውን ሰጡኝ። ጆሮዬ ግን እውነትም አልተደፈነም። ተመልሼ ስነግራቸው ከመርፌያቸው ቀና ሳይሉ «አውቃለሁ» አሉኝ።

ከሁሉ የሚብሰው በባለቤታቸው ላይ ያደረጉት ነው። ባለቤታቸው እዚያችው ሱቅ ውስጥ ጥግ ላይ ተቀምጠው ቁልፍ የሚተክሉ፣ ነገር የማያበዙ ሴት ናቸው። ባለፈው ጊዜ አንዲት ልጃቸው ስትወልድ ሊያርሷት በአውሮፕላን ሄደው፣ ሁለት ወር ከርመው ተመለሱ። ሰፈሩ ተሰብስቦ «በረራው እንዴት ነበር?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ካፒቴን ከስፌት መኪናቸው ላይ ሆነው መለሱ። «መሃል ላይ ትንሽ ይንጣል። ሲያርፍ ግን ምንም አይል።» ሁላችንም ወደ ሴትየዋ ዞርን። እሳቸውም ክሩን በጥርሳቸው በጠስ አደረጉና፣ «እሱ እንዳለው ነው» አሉ።

እዚህ ላይ ስለ ልጃቸው ልናገር። የምትኖረው የአሥራ አንድ ሰዓት በረራ ርቆ ባለ ከተማ ነው። ከሄደች ስምንት ዓመቷ ነው። በየዓመቱ «አባዬ፣ ና» ትላለች። በየዓመቱ ካፒቴን «ትኬቱ እሳት ነው የኔ ልጅ፣ ለእኔ ብለሽ አታባክኚ፣ ለራስሽ አድርጊበት» ይላሉ። እኛም እንዲህ ያለ ለራሱ የማይል አባት ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ እያወራን ደረጃውን እንወጣለን። ስምንት ዓመት ሙሉ ወሬው እውነት መስሎን ኖረ። ለእሳቸውም ሳይመስላቸው አልቀረም።

ከዚያ አዲሱ አየር መንገድ መጣ። ሩቅ አገር በርካሽ ዋጋ የሚያደርስ፣ ትኬቱ የአውቶቡስ ያህል የሆነ፣ አውሮፕላኑ ደማቅ ብርቱካናማ የተቀባ። የመጀመሪያ በረራውን የሚያደርገው ደግሞ፣ ከከተማ ሁሉ መርጦ፣ የካፒቴን ልጅ ወዳለችበት ነው። ሰፈሩ በደስታ እንደ ጉድ ተንጫጫ። የካፒቴን ፊት ግን ክርር አለ።

በማግስቱ መነጽራቸውን አድርገው፣ የአየር መንገዱን ደንብ ከስልካቸው ላይ እያነበቡ ዘመቻ ጀመሩ። «መቀመጫ መምረጥ፣ ለብቻ ይከፈላል። ብርድ ልብስ፣ ለብቻ። ውሃ፣ ለብቻ! አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ! ሰው ግመል ነው?» ገጹን ወደ ታች ገፋ አደረጉ። «ሻንጣ፣ ሰባት ኪሎ። ሰባት ኪሎ እኮ ባዶው ሻንጣ ነው! ይሄ ጉዞ አይደለም፣ ቅጣት ነው።» እኔም እንደ ሞኝ፣ «ቢሆንም ርካሽ ነው፤ አሁንማ ልጅዎን ሊያዩ ይችላሉ» አልኳቸው። ያዩኝ አስተያየት፣ ሱሪ ላይ ሲጋራ የጣልኩባቸው ያህል ነበር።

ከሳምንት በኋላ ሸሚዝ ልቀበል ገብቼ ሳለ ልጅቱ ደወለች። ስልኩ በድምጽ ማጉያ ነበር። «አባዬ፣ ትኬትህን ቆርጫለሁ። የመጀመሪያው በረራ ነው። አይመለስም፣ አይቀየርም። ልጁ አምስት ወር ሊሞላው ነው፤ ትንሽ ሆኖ ሳለ እየው።»

የስፌት መኪናው ቆመ። ካፒቴን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የሥራ ጊዜ ነው እኮ የኔ እመቤት... ደንበኛው...»

«አባዬ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ዋጋው ነው ስትለኝ ኖረሃል። ይኸው ዋጋው ወረደልህ። ሌላ ምክንያት ካለህ ንገረኝ።»

ካፒቴን የመርፌውን ክር አውጥተው እንደገና ማስገባት ጀመሩ። ባለቤታቸው ከጥጋቸው ተነስተው መጡና ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው፣ «ይመጣል» አሉ። ከዚያ ዘጉት። ቁልፍ መትከላቸውን ቀጠሉ።

ለሁለት ቀን ካፒቴን የማንንም ሻንጣ አልመዘኑም። በሦስተኛው ቀን ፊታቸው እንደ ድሮው ሆኖ ተገኘ። ደንቡን እንደገና አንብበው አንዲት ቀዳዳ አግኝተዋል። «የሚለበስ አይመዘንም!» አሉ ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀስረው። «ገባህ? ሻንጣው ሰባት ኪሎ ነው፤ ሰው የለበሰውን ግን አይመዝኑም። ስለዚህ ሻንጣውን እለብሰዋለሁ። በእኔ ይሁንብህ!»

የካፖርቱ ሥራ እንዲህ ተጀመረ። ሠላሳ ሁለት ኪስ ያለው ካፖርት ነው፤ ከውስጥ፣ ከውጭ፣ ከብብት ሥር፣ ከጀርባ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሱቁን መጋረጃ ጋርደው ሰፉት። ደንበኛ ሲያንኳኳ «ዛሬ ሱሪ የለም» ይሉታል። ምን እንደሚጨምሩበት ግን ለማንም አላሳዩም፤ ባለቤታቸው እንኳ ቁልፍ የሚያቀብሏቸው በመጋረጃው ሥር ነው። እኔ በበኩሌ ተደስቼ ነበር። ሰውዬው ወኔያቸው ተመለሰ አልኩ። እንግዲህ እኔም አንዳንዴ ነገር አይገባኝም።

የበረራው ዕለት ከባለቤታቸው ጋር ሆነን እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘናቸው። ታክሲው ውስጥ ያስገባናቸው እኔ ከኋላ እየገፋሁ ባለቤታቸው ከፊት እየሳቡ ነው። ካፖርቱ በር ያህላል። ማረፊያው ውስጥ የአዲሱ አየር መንገድ መስኮት በብርቱካናማ ፊኛ አጊጧል፤ መንገደኛው እየሳቀ ፎቶ ይነሳል፤ አንድ ሰው ለተሰላፊው ሁሉ ኬክ ይቆርሳል። እንዲህ ያለ የደስታ ሰልፍ አይቼ አላውቅም። መሃሉ ላይ ካፒቴን ላብ በላብ ሆነው፣ ክንዳቸው ወደ ጎን ተዘርግቶ፣ በዝግታ ይራመዳሉ።

መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ ብርቱካናማ ሻርፕ ያሰረች ልጅ ናት። ሻንጣቸውን መዘነች፤ ስድስት ነጥብ ዘጠኝ ኪሎ። ከዚያ ካፖርቱን አየችው። «አባባ፣ ይሄ ውስጥ ምን አለ?»

ሽንጣቸውን ገትረው ይከራከራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ካፒቴን ግን ፊታቸው በራ። «ብዙ ነገር አለ ልጄ! እጅግ ብዙ! ከአሥራ አራት ኪሎ አያንስም፤ አውቄዋለሁ። ከባድ ጥፋት ነው ያጠፋሁት። ተመለሱ ካላችሁኝ አልቀየምም፤ ሕግ ሕግ ነው። ታክሲው ገና ውጭ ነው።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሻንጣ በእጃቸው መዝነው ግማሽ ኪሎ ስተው የማያውቁት ሰው፣ ይህን ሁሉ የሰፉት እንዲመልሷቸው ነው። ደንቡን ያጠኑት ለመጣስ ነው። መብረር ይፈራሉ፤ ይህንንም ለሰው ከመናገር ሠላሳ ሁለት ኪስ መስፋት ቀሏቸዋል።

ልጅቱ «እስቲ ይክፈቱልኝ» አለች። ከመጀመሪያው ኪስ የሕፃን ኮፍያ ወጣ። ከሁለተኛው እጅጌው የጣት ያህል የሆነ ሸሚዝ። ከሦስተኛው ሱሪ። ከዚያ ከፍ ያለ ሱሪ፣ ከዚያ ደግሞ ከፍ ያለ። መስኮቱ ላይ የልጅ ልብስ ተከመረ፤ ሁሉም በእጅ የተዘመዘመ፣ ሁሉም ቁልፉ የተተከለ። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ኬኩን ትቶ ተጠጋ።

«ልጁ ስንት ዓመቱ ነው አባባ?»

«አምስት ወሩ።»

«ይሄ ሱሪ እኮ የተማሪ ነው።»

«እሱ የስድስት ዓመቱ ነው» አሉ ካፒቴን። «የሰባቱ ከጀርባ ነው ያለው፤ እጄ አይደርስም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሁለተኛ የምመጣ አይመስለኝም ልጄ። እፈራለሁ። ለዚህችው ለአንዷ እንኳ አልበቃሁም። ልጁ ግን ማደጉ አይቀርም፣ ልብስ ያስፈልገዋል።»

አንጀቴን በሉት። ሰውዬው በአንድ ካፖርት ውስጥ «መልሱኝ»ንም «አድርሱልኝ»ንም አብረው ሰፍተዋል፤ የትኛው እንደሚበልጥባቸው ራሳቸውም አያውቁትም። ልጅቱ ዓይኗን ጠረግ አደረገችና ልብሱን አንድ በአንድ አጥፋ ወደየኪሱ መለሰችው። የሰባት ዓመቱንም ከጀርባቸው ዞራ ደህና አድርጋ ከተተችው።

«አባባ፣ ደንቡ የሚለበስ አይመዘንም ነው የሚለው።»

«እርግጠኛ ነሽ? አለቃሽን ብትጠይቂ አይሻልም?»

«እርግጠኛ ነኝ። መልካም በረራ።»

የመሳፈሪያ ወረቀቱን እጃቸው ላይ አስቀመጠች። ሰልፉ አጨበጨበ። አንድ የማናውቀው ሰው ኬክ አጎረሳቸው። ካፒቴን ግን እግራቸው ከመሬቱ አልላቀቅ አለ። ባለቤታቸው መጡና የካፖርቱን ቁልፎች ከታች ወደ ላይ መቆለፍ ጀመሩ።

«ስማኝ» አሉ። «ሲነሳ ሆድህ ባዶ የሚሆን ይመስልሃል። ትፈራለህ። እኔም ፈርቼ ነበር። አጠገቤ የነበረችውን የማላውቃትን ልጅ እጅ ጭምድድ አድርጌ ያዝኩ። እሷም ያዘችኝ። ከዚያ አለፈ።»

ካፒቴን አፈጠጡባቸው። «ይሄን ሁሉ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች አስወራኸኝ?»

ሴትየዋ የመጨረሻዋን ቁልፍ ቆልፈው ደረታቸውን ቸብ አደረጓቸው። ካፒቴንም ሄዱ። ፍተሻው ጋ ካፖርቱን ለማንሳት ሁለት ጠባቂ አስፈለገ። ከወዲያ ማዶ ሆነው ዞር ብለው እጃቸውን ሲያወዛውዙልን ባለቤታቸው እየሳቁ እንባቸውን ይጠርጉ ነበር፤ እኔም ከሳቸው አልተሻልኩም።

በማግስቱ ጠዋት የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤታችን ሻንጣዋን እየጎተተች ወርዳ ሱቁ ዝግ ሲሆንባት ግራ ተጋባች። ደረጃው ላይ ተሰበሰብን። አንዱ አንስቶ አሥራ ዘጠኝ አለ፣ ሌላው ሃያ ስድስት። እኔ ሃያ ሁለት አልኩ፤ ማንም አላመነኝም፤ እኔም ራሴን አላመንኩም። «በእኔ ይሁንብሽ» የሚል ሰው ጠፋ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዳይዙኝ ብዬ በሱቃቸው ፊት በጥድፊያ ሳልፍ የኖርኩት ሰውዬ ናፈቁኝ፤ አንድ ቀን ሳይሞላቸው ናፈቁኝ።

ከሰዓት በኋላ አላስቻለኝምና ደወልኩላቸው። ለዚህ ጥሪ ተዘጋጅቼበታለሁ፤ ሻይ ቀድቼ፣ ወንበር ስቤ ተቀምጫለሁ። አሁን በዓይናቸው አይተውታልና ወሬው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል ብዬ ነው። ስለ ክንፉ፣ ስለ መናጡ፣ ለብቻ ስለሚሸጠው ውሃ፣ ሁሉንም ሳላቋርጥ ልሰማ ቆርጫለሁ።

«እሺ ካፒቴን!» አልኩ ጮክ ብዬ። «በረራው እንዴት ነበር?»

«ቀስ!» አሉኝ በሹክሹክታ። «ደረቴ ላይ ተኝቷል።»

እኔም ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። «በረራውስ?»

የሕፃኑ ትንፋሽ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

«የቱ በረራ?» አሉኝ።